ተራ

ሰኔ ላይ፣ ድሬ ውስጥ፣ ቤት የሚያድር የለም፤
ቆርቆሮ ቀን የዋጠውን ፀሐይ ሌቱን አይጨርስም።
አልጋ ይወጣል ከነአጎበሩ፣
ገንደ ቆሬ ሙሉ ይተኛል ባጥሩ ጥግ፣ በበሩ፤
አንዱ ያስላል፣ አንዱ በህልሙ ይጣላል፣
አንዱ ልጅ ከአልጋ ወድቆ እዚያው አፈር ላይ ይነጋለታል።

ራውዳ ብቻ
ከውስጥ ቆልፋ፣
በበሩ ላይ የማሽላ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ ወንበር ደርባ፣
መስኮቷን በካርቶን ደፍና።

ምን እንደደረሰባት ግቢው ያውቃል።
እኔ አልናገረውም። የእሷ ነው።
ለሐኪም ተናግራዋለች፣ ለፖሊስ ተናግራዋለች፤
ሦስተኛ አፍ አያስፈልገውም።

እኔ ከፊራ በር ላይ በረዶ የምሸጥ ሴት ነኝ፤
ማጽናናት አላውቅበትም።
ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣
«አንቺ ስታባብዪ ልጅ ያለቅሳል» ይለኝ ነበር።
እና በረዶ ወሰድኩላት።
በስስ ፌስታል ቋጥሬ፣
በበሩ ስር ገፋሁት።

ጠዋት ውኃው ተመልሶ ወጣ፣
በደፉ በኩል፣ ቀጥኖ፣ እግሬ ድረስ።
በነጋታውም ገፋሁ፤ ውኃ ሆኖ መጣ።
በሦስተኛውም።
በአራተኛው ሌሊት ጆሮዬን ደፉ ላይ ጣልኩ፤
በረዶ ሲቆረጠም ሰማሁ።
አቦ!
እንደዚያ የሚጥም ድምፅ ሰርግ ቤትም አልሰማሁ።

ተራውን ያመጣችው ሽታዬ ናት።
«እቁቡ በተራ፣ ቧንቧው በተራ፣
ደጅ ማደሩስ በተራ ቢሆን ማን ይከለክለናል?»
አልጋችንን ተሸክመን ራውዳ ደጃፍ ተከልን፤
ሰኞ እኔ፣ ማክሰኞ አዴ ኩልሱም ከነባትሪዋ፣
ረቡዕ ሽታዬ፣ ሐሙስ ኡባህ
በሶማሊኛ እያንጎራጎረች፤
እኛ አንድ ቃል አይገባንም፤
በሩ ግን የገባው ይመስል ነበር።

ከሳቢያን የምትመጣ ልጅ ነበረች፣ ባለሙያ፣ መነጽር የምታደርግ።
«ምን ልበላት?» ብላት፣
«ሰላም በያትና ሂጂ። ነገም ተመለሺ» አለችኝ።
ይሄ ሙያ ከሆነ
እኔም ሳላውቀው ተምሬያለሁ።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ፣
ከዘራ አስቀድሞ፣ ነገሩን በማር ለውሶ፤
«በቤት ይለቅ፣ ልጅ ነው ተሳስቶ፣
ካሳም አለ» ሊለን፣ እጁን ዘርግቶ።
እኛ ያደግነው ለሽማግሌ ብድግ እያልን ነው።
ብድግ ያለ የለም።
ግቢው አሥራ አንድ ወንበር አለው፤
አንድም አልወጣም።
ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፣ ጥላው ሁሉ ተይዟል።
ትልቁ ሰውዬ ተረት ጀመረ፤
አዴ ኩልሱም ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።
ተረቱ ሳያልቅ ላባቸውን ጠርገው ሄዱ።
ከበሩ ጀርባ የሆነ ነገር ሲጎተት ሰማን፤
ወንበሩ ይሁን ጆንያው።

ፍርድ ቤቱ?
ቀጠሮ። ደግሞ ቀጠሮ።
ሰባት ሆነን በሁለት ባጃጅ እንሄዳለን፣
ሰባት ሆነን እንመለሳለን።
አሁንም ቀጠሮ ላይ ነው።

ኅዳር ገባ። ነፋሱ መጣ።
ሰው ሁሉ አልጋውን ወደ ቤት አስገባ።
ራውዳ ያን ጊዜ ወጣች።
በብርዱ! ፍራሿን እየጎተተች፣
ማንንም ሳታይ፣ ግቢው መሐል አነጠፈች።
ሽታዬ «እንዲህም ብሎ ወቅት መምረጥ!» እያለች፣
ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣ እያጉረመረመች፣
አልጋዋን መልሳ አወጣች።
ሁላችንም አወጣን።
እያስነጠስን አደርን።

ባለፈው ሳምንት ከመልካ ጀብዱ አንዲት ልጅ አመጡ።
አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ገባች፣ ቆለፈች።
ምሽት ላይ ራውዳ ሱቄ መጣች፣
«ሐሙስን ኡባህ ለቃልኛለች፤ ተራው የኔ ነው» አለች።
በረዶውን ቋጥሬ ሰጠኋት።
አገላብጣ አየችው።

«ስትገፊው ቋጠሮውን ወደ ውስጥ አስቀድሚ» አለችኝ።
«በጨለማ ያዳልጣል።
እጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።
እኔ ያኔ ሦስቱን ሌሊት
እሱን ነበር የፈለግኩት።»